ከጆንያ ወደ ብርጭቆ፦ የሲንጋፖሩ ቦት ኪ

ጀልባው ወንዙ ዳር ቆሟል። ከጀልባው እስከ ድንጋዩ ደረጃ አንዲት ጠባብ ሳንቃ ተዘርግታለች። ኩሊው የሩዝ ጆንያ ትከሻው ላይ አድርጎ በሳንቃዋ ላይ ይራመዳል። ሳንቃዋ ታረገርጋለች። እሱ እርምጃውን ከእሷ ጋር አስማምቶ ያልፋል። መጋዘኑ በር ላይ ሲደርስ ቆጣሪው አንዲት የቀርከሃ ስንጥር ይሰጠዋል። አንድ ጆንያ፣ አንድ ስንጥር። መጨረሻ ላይ ስንጥሮቹ ይቆጠሩና የሚከፈለው ይታወቃል። ከዚያ ነገ እንደገና።

ዛሬ እዚያው ደረጃ አጠገብ አስተናጋጆች የቢራ ብርጭቆ ይዘው ይመላለሳሉ። ጠረጴዛዎቹ ከውሃው ጠርዝ ጥቂት እርምጃ ቢርቁ ነው። ማታ ማታ የመብራቱ ቀለም ወንዙ ላይ ይተኛል። ከጀርባ የባንኮቹ ሰማይ ጠቀስ ህንጻዎች ቆመዋል። ከፊት ደግሞ የሸክላ ክዳን ያላቸው ባለ ሁለትና ባለ ሶስት ደርብ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ተደርድረዋል። ቤቶቹ የድሮዎቹ ናቸው። ሰዎቹ አይደሉም።

መንገዱ ቦት ኪ ይባላል። የጀልባ ማራገፊያ እንደማለት ነው። የሚገኘው በሲንጋፖር ወንዝ ደቡብ ዳር ነው። ይህ የጭነት መንገድ እንዴት የእራትና የመሸታ ሰፈር ሆነ? ማን ወሰነ? ማን ከፈለ? ማንስ ሄደ? ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚያውቀው የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ነው፤ ምግብ ቤቶቹን። እኔ ግን ደጋግሜ ሳየው ትልቁ ስራ ከምግብ ቤቶቹ በፊት የተሰራው ነው። ትልቁ ኪሳራም የደረሰው ያኔ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የዓሣ ሆድ

ወንዙ አጭር ነው፤ ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍ። እንግሊዛዊው የቅኝ ግዛት ሹም ስታምፎርድ ራፍልስ በ1819 እዚያ ሲደርስ ደቡቡ ዳር ረግረግ ነበር። በ1822 የከተማ ፕላን ሲነደፍ ሰሜኑ ዳር ለመንግስት፣ ደቡቡ ለንግድ ተመደበ። ግን ረግረግ ላይ መጋዘን አይቆምም። ስለዚህ በአቅራቢያው የነበረ ኮረብታ ተናደና አፈሩ ረግረጉን ሞላ። ኮረብታው የነበረበት ቦታ ዛሬ ራፍልስ ፕሌስ የሚባለው የባንኮች ሰፈር ነው።

ወንዙ እዚህ ጋ ጎበጥ ብሎ ይታጠፋል። ቻይናውያን ነጋዴዎች መታጠፊያውን በካርፕ ዓሣ ሆድ መሰሉት። የካርፕ ሆድ ደግሞ በእነሱ እምነት ሀብት የሚከማችበት ነው። ቦታውን ተሻሙበት። አቀማመጡም አገዛቸው። ትልልቆቹ መርከቦች ባህሩ ላይ መልህቅ ይጥላሉ። ሆዳቸው ጠፍጣፋ የሆኑ የጭነት ጀልባዎች እቃውን ይረከቡና ወንዙን ይዘው ይገባሉ። ሩዝ፣ ቅመም፣ ቡና፣ በኋላም ጎማ። በ1860ዎቹ ከከተማዋ የመርከብ ንግድ አራት እጁ ሶስቱ በዚህ መንገድ ላይ ይካሄድ ነበር።

ስለ ቤቶቹ ትንሽ ልቆይ፤ ኋላ ላይ የሚመጣው ሁሉ ከቅርጻቸው ጋር የተያያዘ ነው። ፊታቸው ጠባብ ነው፤ ወደ ውስጥ ግን ረጅም ናቸው። ታች መጋዘንና ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ። መሃላቸው ላይ ብርሃንና አየር የሚያስገባ ክፍት ቦታ አላቸው። ከፊት ለፊታቸው ደግሞ በረንዳ አለ። የራፍልስ ፕላን እያንዳንዱ ቤት ወደ 5 ጫማ የሚሆን ጣሪያ ያለው መተላለፊያ እንዲኖረው ያዝ ነበር። የአንዱ በረንዳ ከሌላው ጋር እየተያያዘ ይሄዳል። ዝናብም ሆነ ፀሐይ እግረኛውን አይነካውም። የፒያሳን በረንዳዎች የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ወዲያው ይመጣለታል። እዚያ በረንዳ ላይ ጸጉር ይቆረጣል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ሾርባ ይሸጣል።

ጀልባዎቹ አፍንጫቸው ላይ ዓይን ይሳልባቸው ነበር። መንገዳቸውን እንዲያዩ ነው ይባላል። የማያዩት ነገር ግን ድልድይ ነበር። በ1869 የተሰራው የካቬና ድልድይ ዝቅ ያለ ነው። ባህሩ ሲሞላ የወንዙም ውሃ ከፍ ይላልና ጀልባ በስሩ ማለፍ አይችልም። ጀልበኛው ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃል። ብዙ ከጎደለ ደግሞ ጭቃ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ የወንዙ ሰዓት የግድግዳ ሰዓት አልነበረም። የሰፈሩ ህይወት በባህሩ ሙላትና ጉድለት ይሄድ ነበር። ድልድዩ ዛሬም አለ። ከባድ ተሽከርካሪ፣ ከብትና ፈረስ እንዳያልፍ የሚከለክለው የድሮ ሰሌዳ እስካሁን ተለጥፎበታል።

የሽታው ዘመን

መቶ ምናምን ዓመት ሙሉ ሁሉም ወደ ወንዙ ይጥላል። ጀልባው ዘይቱን፣ ሻጩ የምግብ ትርፍራፊውን፣ አትክልት ነጋዴው የበሰበሰውን። ከላይ ደግሞ የአሳማና የዳክዬ እርባታ አለ። የፍሳሽ መስመር የሌላቸው፣ እኛ ጨረቃ ቤት የምንላቸው ዓይነት ሰፈሮች ነበሩ። የመጸዳጃ ቤታቸው ፍሳሽ ቀጥታ ወደ ውሃው ይወርዳል። በ1970ዎቹ ወንዙ ጠቁሮ ነበር። ዓሣ የለም። ሽታው አፍንጫ ይበጥሳል።

በፌብሩዋሪ 1977 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊ ኩዋን ዩ የአንድ ግድብ ምረቃ ላይ ተነስተው ግልጽ የቤት ስራ ሰጡ። በ10 ዓመት ውስጥ በሲንጋፖር ወንዝና በካላንግ ወንዝ ዓሣ ማጥመድ እንዲቻል። ስራው ለአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ተሰጠ። የሚመሩት ደግሞ በሙያቸው መሃንዲስ የሆኑት ሊ ኤክ ቲየንግ ነበሩ።

እዚህ ላይ ነው መቆየት የምፈልገው።

እንዲህ ዓይነት ትዕዛዝ ሲመጣ ቀላሉ መንገድ የሚታየውን ማጽዳት ነው። የወንዙን ዳር ትጠርጋለህ፣ ሳር ትተክላለህ፣ መብራት ትሰቅላለህ፣ ሪባን ትቆርጣለህ። እነሱ የሄዱት ከዚህ በተቃራኒ ነው። ቆሻሻው ከየት ነው የሚመጣው ብለው ወደ ላይ ተከተሉት። የሁለቱ ወንዞች ተፋሰስ ከአገሪቱ መሬት አንድ አምስተኛውን ይሸፍናል። ስለዚህ የወንዙ ጉዳይ የወንዝ ዳር ጉዳይ ብቻ አልሆነም። የቤት ጉዳይ ሆነ፣ የፍሳሽ ጉዳይ ሆነ፣ የእንጀራ ጉዳይ ሆነ።

ወደ 26,000 የሚጠጉ ቤተሰቦች ከተፋሰሱ ተነስተው መንግስት ወደሰራቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ገቡ። 610 የአሳማ እርባታዎችና 500 የሚሆኑ የዳክዬ እርባታዎች ተዘጉ ወይም ተነሱ። 2,800 ያህል ትንንሽ ወርክሾፖች ተዛወሩ። ወደ 5,000 የሚሆኑ የመንገድ ላይ ምግብ ሻጮች ውሃና ፍሳሽ ወዳለው ማዕከል ገቡ። ወጪው ወደ 170 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ነበር። ለተነሺዎች የተከፈለው ካሳ እዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

ከቁጥሮቹ በላይ የሚገርመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ቤት ተሰራ፣ ከዚያ ሰው ተነሳ። መጀመሪያ የምግብ ማዕከሉ ተገነባ፣ ከዚያ ጋሪው ከመንገድ ወጣ። ሁሉም ደስ ብሎት ሄደ ማለቴ አይደለም። አሳማ ሲያረባ የኖረ ገበሬ ፎቅ ላይ ወጥቶ ምን ይሰራል? ብዙዎቹ ሙያቸውን አጥተዋል። ግን ሜዳ ላይ አልተጣሉም። የምግብ ሻጮቹ ነገር ደግሞ የሚያስደንቅ ፍጻሜ አለው። ያኔ እንደ ቆሻሻ ምንጭ ተቆጥረው ከመንገድ የተነሱት ሻጮች ባህላቸው በዲሴምበር 2020 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ምግቡ የተረፈው ሻጩ ስራውን ይዞ ስለሄደ ነው።

ጀልበኞቹ እንዲህ አልቀናቸውም። በ1983 ወደ 800 የሚሆኑ የጭነት ጀልባዎች ከወንዙ እንዲወጡ ተደረገ። አዲሱ ቦታቸው በምዕራብ በኩል ያለው ፓሲር ፓንጃንግ ነው። የወንዝ ውሃ ለለመደ ጀልባ የባህር ሞገድ ሌላ ነገር ነው። ሲጀመርም ዘመኑ እየሄደባቸው ነበር። ታንጆንግ ፓጋር ወደብ ከ1972 ጀምሮ ኮንቴነር ያስተናግዳል። ክሬን በአንድ ጊዜ የሚያነሳውን ጭነት ኩሊዎች ቀኑን ሙሉ ያመላልሱታል። ጽዳቱ ባይመጣም ስራቸው መሞቱ አይቀርም ነበር ብሎ የሚከራከር አለ። ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ቀስ ብሎ መሞትና በአንድ ወቅት ተጠራርጎ መውጣት አንድ አይደለም።

በ1987 ስራው ተጠናቀቀ ተባለ። ወንዙ ንጹህ ሆነ። ዓሣ ተመለሰ። ወንዙም ጸጥ አለ።

ባዶው መንገድ

ጀልባዎቹ ሲወጡ የቦት ኪ መጋዘኖች ምክንያት አጡ። ሩዙ በወንዙ ካልመጣ ሩዝ ነጋዴው እዚያ ምን ያደርጋል? ቀስ በቀስ በሮች ተዘጉ። ጣሪያ አፈሰሰ። ቀለም ተላጠ።

ቤቶቹ ያረጁት ግን በባዶነት ብቻ አይደለም። በ1947 ከጦርነቱ በኋላ የቤት ችግር ስለበረታ ለድሮ ቤቶች የኪራይ ጣሪያ ተቀምጦ ነበር። ኪራዩ ለአስርት ዓመታት ቀጥ ብሎ ቆመ። የቀበሌ ቤት የኖረ ሰው የቀረውን ሳልነግረው ያውቀዋል። ተከራዩ አይወጣም፣ የትም ሄዶ እንዲህ ርካሽ አያገኝም። ባለቤቱ አያድስም፣ ከኪራዩ የቆርቆሮ ዋጋ እንኳ አይወጣም። ቤቱ በሁለቱ መሃል ያረጃል። በሌላ በኩል ደግሞ ያው ህግ ቤቶቹን ከመፍረስ አትርፏቸዋል ማለት ይቻላል። ባለቤቱ ተከራዩን አስወጥቶ ፎቅ ማቆም ቀላል አልነበረምና። እንዲህ ነው ደህና ነገር በስህተት በር የሚገባው።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር ተከሰተ። በ1983 ወደ ሲንጋፖር የሚመጣው ቱሪስት ቁጥር ቀነሰ። ምክንያቱን ያጠኑ ሰዎች አንድ የሚያም ነገር ተናገሩ፤ ከተማዋ የእስያ መልኳን እያፈረሰች ነው፣ ፎቅ ለማየት ከሩቅ የሚመጣ የለም አሉ። እስከዚያ ድረስ አሮጌ ቤት ማለት ድህነት ነበር። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ሆነ። የከተማ ልማት ባለስልጣኑ በ1986 የጥበቃ እቅድ አወጣ። በጁላይ 1989 ደግሞ ቦት ኪ ከቻይናታውን፣ ከሊትል ኢንዲያና ከካምፖንግ ግላም ጋር በህግ የተጠበቀ ሰፈር ሆነ። ከመቶ በላይ ቤቶች ተረፉ።

ደንቡ ጥብቅ ነበር። የሚቻለው ሁሉ ይቆይ፣ ያልቻለው በጥንቃቄ ይታደስ፣ የተሰበረው በወጉ ይጠገን። የፊት ገጽታው አይነካም። በረንዳው አይዘጋም። የሸክላው ክዳን፣ የእንጨት መስኮቱ፣ የመሃሉ ክፍት ቦታ ይጠበቃል። ቤቱ ውስጥ የሚሰራው ስራ ግን ሊቀየር ይችላል።

ይቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት ሁሉን የወሰነችው።

ለምን ምግብና መጠጥ ሆነ?

በቦት ኪ እድሳቱን የከፈሉት በአብዛኛው የየቤቱ ባለቤቶች ናቸው። ኪራይ የታሰረባቸውን ቤቶች በተመለከተ ህጉ በር ከፈተላቸው። ለተከራዮቹ ካሳ ከፍሎ ቤቱን መረከብ ተቻለ፤ ግዴታው ማደስ ነው። የኪራይ ቁጥጥሩ ራሱ በ2001 ጨርሶ ተነሳ።

አሁን በባለቤቱ ቦታ ሆናችሁ አስሉት። ካሳ ከፍላችኋል። ጣሪያውን በሸክላ፣ መስኮቱን በእንጨት፣ በደንቡ መሰረት አስጠግናችኋል። ይህ ርካሽ ስራ አይደለም። ገንዘባችሁን ማን ይመልሳል? ገመድና ሸራ የሚሸጠው የድሮ ነጋዴ? አይችልም። ልብስ ሰፊው? አይችልም። ከአንድ ጠባብ ቤት ትልቅ ኪራይ ማውጣት የሚችለው ምግብና መጠጥ ነው። በተለይ መጠጥ።

ደንበኛው ደግሞ ጀርባ ላይ ቁጭ ብሏል። ያ የተናደው ኮረብታ ቦታ ላይ፣ ራፍልስ ፕሌስ፣ ብዙ ሺህ የባንክና የቢሮ ሰራተኛ አለ። በዲሴምበር 1987 የምድር ባቡር ጣቢያው ተከፈተ። ሰራተኛው ምሳ ይፈልጋል። ከስራ ሲወጣ ከረባቱን ፈታ አድርጎ አንድ ሁለት ማለት ይፈልጋል። ወንዙ አይሸትም። ከመንገዱ ማዶ የነፋስ አየር አለ።

የቤቶቹ ቅርጽም እንደተመቸ ነው። ጠባብና ረጅም መጋዘን ለባንኮኒ ይመቻል። ፊት መቀመጫ፣ ኋላ ማድቤት፣ ላይኛው ደርብ ቢሮ ወይም ሌላ ቤት። ከሁሉ በላይ ግን ያ ጆንያ ይራገፍበት የነበረው ወንዝ ዳር አለ። ድሮ ጭነት ያርፍበት የነበረው ቦታ አሁን ጠረጴዛ ያርፍበታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ መንገዱ ለእግረኛ ሆነ፤ ቦት ኪም የከተማዋ የማታ መዋያ ሆነ። አንድም ባለስልጣን ይህ ሰፈር የመሸታ ሰፈር ይሁን ብሎ ማዘዝ አላስፈለገውም። ሂሳቡ ራሱ አዘዘ።

ለዚህ ነው የሰፈሩን ለውጥ የቱሪዝም ተአምር አድርጎ ማውራት የማይዋጥልኝ። ግድግዳውን ህግ አዳነው። ግድግዳው ውስጥ ማን ይኑር የሚለው ግን ለኪራይ ተተወ። ህጉ መስኮቱን ቆጥሮ መዘገበ፤ መስኮቱ ስር ተቀምጦ ገመድ ሲሸጥ የኖረውን ሰውዬ ግን የመዘገበው የለም።

ትንሽ ወደ ላይ

ከቦት ኪ ትንሽ ወደ ላይ ክላርክ ኪ አለ። ወንዙ አንድ ነው፣ ታሪኩም ይመሳሰላል፣ መንገዱ ግን ሌላ ነበር። እዚያ መጋዘኖቹ በአንድ ላይ ለአንድ አልሚ ኩባንያ ተሰጡ። ዲቢኤስ ላንድ አድሶ በዲሴምበር 1993 ከፈተው። ኩባንያው በኋላ በውህደት ካፒታላንድ ሆነ። አምስት ብሎክ፣ አንድ አከራይ።

ልዩነቱ ሲቆይ ታየ። አንድ አከራይ ሲሆን ማን የት እንደሚገባ ይመረጣል። አንድ ቤት ካላዋጣ ሌላውን ለማስገባት ኪራይ መቀነስ ይቻላል። ሙቀቱና ዝናቡ ደንበኛ ሲያባርር በ2006 እንግሊዛዊው አርክቴክት ዊል አልሶፕ የነደፉት ግዙፍ ጥላ መንገዱ ላይ ተዘረጋ። መቶ ባለቤት ባለበት ቦት ኪ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥላ ማን ይዘረጋል? ማን ይከፍላል? እዚያ ሁሉም የራሱን በር ነው የሚያየው። ውድድሩ ሲበረታ በር ላይ ቆመው ሜኑ እያሳዩ ግቡ ግቡ የሚሉ ጠሪዎች በዙ። የባህር ምግብ ዋጋ ሲመጣ የደነገጠ ቱሪስት ቅሬታም አብሮ በዛ። በ2012 በቦት ኪ፣ በክላርክ ኪና ከእነሱ በላይ ባለው ሮበርትሰን ኪ ያሉ ባለድርሻዎች ሲንጋፖር ሪቨር ዋን የሚባል ማህበር አቋቁመው አብረው መስራት ጀመሩ። ዘግይቶም ቢሆን ጥሩ ሆነ።

ከዚህ ቦት ኪ ተሸነፈ ብዬ አልደመድምም። ክላርክ ኪ በደንብ የተያዘ የገበያ ማዕከል ይመስላል። ቀለሙ ይበዛል። ቦት ኪ ደግሞ አሁንም መንገድ ነው። ቤት ከቤት አይመሳሰልም፣ አንዱ ሲከስር ሌላው ይሞክራል። እኔ ብመርጥ ቦት ኪን ነው የምመርጠው። የመንገድ ነፍስ ከብዙ ባለቤት ነው የሚመጣው ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱም ግን አንድ ድክመት ይጋራሉ። በአንድ ስራ ላይ ቆመዋል። ያ ስራ ሲያነክስ ሰፈሩ ሙሉ ያነክሳል። በ2013 መጨረሻ ሊትል ኢንዲያ ውስጥ ረብሻ ከተነሳ በኋላ በአፕሪል 2015 ከምሽቱ 4፡30 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት በአደባባይ መጠጣት የሚከለክል ህግ ስራ ላይ ዋለ። ድሮ ቢራቸውን ከሱቅ ገዝተው ድልድይ ላይ የሚቀመጡ ወጣቶች ተነሱ። ይህ ትንሹ ነው። ትልቁ በማርች 2020 መጣ። በኮቪድ ምክንያት መጠጥ ቤቶችና ጭፈራ ቤቶች ተዘጉ። ጭፈራ ቤቶቹ ሙሉ በሙሉ የተፈቀደላቸው በአፕሪል 2022 ነው። ሁለት ዓመት። አንዳንዱ ወጥ እየሰራ ምግብ ቤት ነኝ አለ፣ አንዳንዱ ቁልፉን አስረከበ።

ከዚያ በኋላ የክላርክ ኪ ባለቤት ያደረገው ነገር ብዙ ይናገራል። ቦታውን አድሶ የቀን ሰፈር ለማድረግ ተነሳ። ቀን የሚከፍቱ ሱቆች፣ ቁርስ፣ ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ ሰው። ሌሊት ብቻውን ኪራይ እንደማይሸከም ታየ ማለት ነው። ወደ ላይኛው ጫፍ ያለው ሮበርትሰን ኪ ደግሞ መኖሪያ ቤቶች ስላሉት ጠዋትም ሰው አይጠፋበትም። ውሻ የሚያንሸራሽር፣ ጋሪ የሚገፋ፣ ቡና የሚጠጣ። የድሮው ቦት ኪ ግን ይህን ሁሉ አብሮ ይዞ ነበር። ታች ስራ፣ ላይ እንቅልፍ፣ በረንዳው ላይ ሾርባ። ቀንና ሌሊት።

ወደ ቤት ስመለስ

ይህን ጉዳይ እንዲህ በዝርዝር የምከታተለው ያለምክንያት አይደለም። በ2019 አዲስ አበባ ውስጥ ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ሲጀመር 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር እንደሚለማ፣ ወጪውም 29 ቢሊዮን ብር እንደሆነ ተነገረ። በ2024 ደግሞ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በሰፊው ፈረሱ። ቀበናና ግንፍሌ ዳር መናፈሻ ሲሰራ ደስ ይለኛል። ልጆች የሚሮጡበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ግን ከቦት ኪ የሚነሱ ጥያቄዎች አሉ፤ እኛም ልንጠይቃቸው ይገባል። የወንዙ ቆሻሻ የሚመጣው ከዳሩ ነው ወይስ ከላይ፣ ፍሳሽ መስመር ከሌለው ቤት? የተነሳው ሰው እቃውን ሲጭን የሚገባበት ቤት ተሰርቶ ቆይቶታል? ጉልት ላይ በቆሎ የምትጠብሰው እናት አዲሱ መንገድ ላይ ቦታ አላት? የተጠበቀው ቤት ውስጥ ያለው ባለሙያ ኪራዩን ይችላል?

ሲንጋፖር የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች በደንብ መለሰች። የመጨረሻውን አልመለሰችም።

አሁን ወንዙ ዳር ያለው

በካቬና ድልድይ አጠገብ አምስት ራቁታቸውን የሆኑ ልጆች ወደ ወንዙ ሲዘሉ የሚያሳይ የነሐስ ቅርጽ አለ። ቾንግ ፋ ቼዎንግ የሚባሉ ቀራጺ በ2000 የሰሩት ነው። አንዱ አየር ላይ ነው፣ አንዱ ሊዘል ጎንበስ ብሏል። ድሮ የሰፈሩ ልጆች እንዲህ ይዋኙ ነበር። ትንሽ አለፍ ሲል ኩሊዎች የበሬ ጋሪ ላይ ጭነት ሲጭኑ የሚያሳይ ሌላ ቅርጽ አለ። ቱሪስቶች የነሐሱን ትከሻ አቅፈው ፎቶ ይነሳሉ። ቅርጾቹ የተሰሩት በፍቅር ነው፣ ይታያል። ግን ባየኋቸው ቁጥር ልቤን አንድ ነገር ይነካዋል። ሰዎቹን መመለስ ስላልተቻለ ነው ነሐስ የሆኑት።

ከጀልባዎቹም ጥቂቶች ቀርተዋል። አሁን የሚጭኑት ቱሪስት ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚሄዱ ድምጻቸው እምብዛም አይሰማም። አፍንጫቸው ላይ ዓይኑ አሁንም ተስሎ ይታያል።

ውሃውም ያ ውሃ አይደለም። በ2008 ወንዙ ወደ ባህር የሚገባበት አፍ ላይ የማሪና ግድብ ተከፈተ። የባህሩ ውሃ ወደ ወንዙ እንዳይገባ ዘጋው። ጨዋማነቱ ቀስ በቀስ ለቀቀ። ከ40 ዓመት በፊት አፍንጫ ተይዞ የሚታለፍበት ወንዝ ዛሬ የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ አካል ነው። ቆስጣ የሚመስል አረንጓዴ ውሃ ነው፤ አቆስጣ (ኦተር) የሚባሉት የውሃ እንስሳት ቤተሰብ ይዘው ሲዋኙበት ይታያሉ።

ባህሩ አሁንም ከግድቡ ማዶ ይሞላል፣ ይጎድላል። ወንዙ ጋ ግን አይደርስም። በካቬና ድልድይ ስር የቱሪስት ጀልባዋ በፈለገችው ሰዓት ታልፋለች። ውሃው እስኪጎድል የሚጠብቅ የለም።